የኪስ ቪዲዮ ካሜራ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ድምፁን ስሙት

ሰሞኑን የመዳፍ ያህል የምታህል ቪዲዮ ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው በዝቷል። እዚህ የካ አባዶ፣ እኛ ብሎክ እንኳ አልቀረም። አንዱ ለቲክቶክ ነው የሚፈልጋት፣ አንዷ ለልጇ ልደት፣ ሌላው ደግሞ ኮሚናሉ ውስጥ የሚደረገውን ሰርግና ክርስትና እየቀረጸ ሥራ ሊጀምርባት። ዋጋዋ ከደህና ስልክ ይቀንሳል፣ ኪስ ትገባለች፣ ካርቶኗ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ያስደነግጣል። ፎር ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም!

«ልግዛት ወይ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ለምስሉ ብላችሁ ከሆነ ተዉት፤ ደህና ስልክ ካላችሁ እሱ ይበልጣል። ለድምፅና ረጅም ሰዓት ለመቅዳት ከሆነ ግን፣ መርጣችሁ ከገዛችሁ፣ ገንዘቧን ታወጣለች። ዋጋ አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ መርካቶ ሌላ፣ መገናኛ ሌላ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቃል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በፈረንጆቹ 2007 ፒዩር ዲጂታል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ፍሊፕ አልትራ የተባለች ካሜራ አወጣ። አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ፣ ከጎኗ ብቅ የሚል ዩኤስቢ፣ በቃ። ካሴት የለ፣ ኬብል የለ፣ ሜኑ ውስጥ መጥፋት የለ። ሕዝቡ ወደዳት። ሲስኮ በ2009 ኩባንያውን ወደ 590 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ጠቅልሎ ገዛውና በ2011 ምርቱን ዘጋው። ስልክ በላት ማለት ነው። ኮዳክም ዚ8 የምትባል ጥሩ የኪስ ካሜራ ነበረችው፤ የውጭ ማይክ መሰኪያ ሳይቀር ነበራት። በ2012 እሱም ከካሜራ ሥራ ወጣ። ዛሬ ገበያ ላይ «ኮዳክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካሜራ ካያችሁ፣ ስሙን በፈቃድ የወሰደ ሌላ ኩባንያ የሚያቀርበው ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስም ብቻ አይታችሁ ኪሳችሁን አትክፈቱ ለማለት ነው። አብዛኞቹ ርካሾች ደግሞ ስምም የላቸውም። አንዱ ዕቃ በአምስት ዓይነት ካርቶን ይመጣል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ፉል ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 2 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ፎር ኬ 3840 በ2160 ነው፤ 8.3 ሚሊዮን ገደማ። እንግዲህ ለፎር ኬ ቪዲዮ 48 ሚሊዮን ነጥብ ምን ይሠራል? ምንም። 48 የሚለው ስለ ፎቶ ነው፣ በርካሾቹ ላይ ደግሞ ለፎቶም አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ የሚይዘው ነጥብ ከዚያ እጅግ ያንሳል፣ ቀሪውን ሶፍትዌሩ በግምት ይሞላዋል። ኢንተርፖሌሽን ይሉታል። እንግዳ ሲበዛ ሽሮው ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ድስቱ ሞልቶ ታያላችሁ እንጂ ሽሮው ያው ነው።

ውሸቱን ለመያዝ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ትልቅም ትንሽም ፊደል ያለበትን የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁና አንዴ በፎር ኬ፣ አንዴ በፉል ኤችዲ ቅረጹ። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ከፍታችሁ አጉሉ። ፎር ኬው እውነት ከሆነ በሌላው የማይነበበው ፊደል በእሱ ይነበባል። ሁለቱም እኩል ከደበዘዙ ፎር ኬው ሚሞሪ ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም፤ ፉል ኤችዲ ላይ አድርጋችሁ እርሱት።

ዙሙ ላይ ብዙ አልቆይም። «16 ኤክስ ዲጂታል ዙም» ማለት ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው። 16 እጥፍ ስታቀርቡ ከሴንሰሩ ስፋት የምትጠቀሙት ከ256 አንዱን ብቻ ነው። ሴንሰሩ እውነተኛ 8 ሚሊዮን ነጥብ ቢኖረው እንኳ የሚተርፋችሁ 31 ሺህ ገደማ ነው፤ ፉል ኤችዲ 2 ሚሊዮን እንደሚፈልግ አትርሱ። ዙም ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ቅረቡ። በሌንስ የሚሠራ ዙም ሌላ ነገር ነው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ብርሃን ግን ሰፊ ጉዳይ ነው፣ የኛ አገር ድግስ ደግሞ ካሜራ ለማሳጣት የተፈጠረ ይመስለኛል። ሴንሰሩ ባነሰ ቁጥር የሚሰበስበው ብርሃን ያንሳል። ባለ አንድ ሦስተኛ ኢንች የሚባለው ትንሽ ሴንሰር 4.8 በ3.6 ሚሊሜትር ነው። በፈረንጆቹ 2023 የወጣችው የዲጄአይ ኦስሞ ፖኬት 3 ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ናት፤ ስፋቷ ወደ 7 እጥፍ ይጠጋል። እሷም ኪስ ትገባለች፣ ዋጋዋ ግን የሌላ ሰፈር ነው። ሻጭ «ያው ናት» ካላችሁ ያው አይደለችም።

ቤት ውስጥ ማታ ስትቀርጹ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ይሄ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ነጭ ልብስ ነው። ርካሽ ካሜራ ብርሃንን የሚለካው የምስሉን አማካይ ወስዶ ነው። ክርስትና ላይ ቆማችሁ አስቡት፤ ግማሹ ምስል ነጠላና ቀሚስ ነው። ካሜራው «ኧረ ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጠቁረዋል። ነጠላው ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ የሰዉ ፊት ደግሞ ዓይንና ቅንድብ እስከማይለይ ይጠቁራል። ጥለቱ ቁልጭ ብሎ የታየበት፣ እናትየው ግን የማትለይበት ቪዲዮ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ሜኑው ውስጥ «ኢቪ» (EV) የምትል፣ የምስሉን ብርሃን ከፍና ዝቅ የምታደርግ መስመር ናት። ወደ +1 ከፍ አድርጓት። ነጠላው ትንሽ ይነጣል፣ ፊቱ ግን ይመለሳል። ኢቪ የሌላት ካሜራ ለሰርግ አትሆንም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሌላው ድንኳን ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር ሁሉም ሰው ሰማያዊ ነው፣ ቢጫ ሸራ ሥር ሁሉም ሰው ወባ የያዘው ይመስላል። ስልካችሁ ይሄን በደንብ ያርመዋል፤ ርካሽ ካሜራ ያላት «ፀሐይ፣ ደመና፣ አምፖል» የሚሉ ሦስት አራት ምርጫዎች ናቸው፣ ለሰማያዊ ሸራ የሚሆን የለም። ያለው ዘዴ ሰዎቹን ወደ ድንኳኑ አፍ፣ ወደ ውጭው ብርሃን መሳብ ነው። ሙሽሮች እሺ ካሉ።

ቀጥሎ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሸምበቆ መብራቱና ብዙ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ለ60 ኸርዝ አገር ተስተካክለው ነው የሚመጡት። በዚያ ከቀረጻችሁ ምስሉ ላይ ጥቁር ዥንጉርጉር መስመር ወደ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሰው «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። አልተበላሸም። ሜኑ ውስጥ «ላይት ፍሪኩዌንሲ» ወይም «ፍሊከር» የሚለውን ፈልጋችሁ 50 ላይ አድርጉት። 50 የሚባል ምርጫ ከሌላት ማታ አትጠቀሙባትም ማለት ነው፣ መብራት ካልጠፋ በስተቀር።

አሁን ደግሞ የምስል ጥራትን ከምንም በላይ የሚወስነው፣ ካርቶን ላይ ግን የማይጻፈው ቁጥር። ካሜራው በየሰከንዱ ስንት መረጃ ይጽፋል የሚለው ነው፣ ቢትሬት ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የፋይሉን ሜጋባይት በ8 አባዙት፣ ለሰከንዱ አካፍሉት። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 60 ሜጋባይት ከሆነ 60 በ8 ሲባዛ 480፣ ለ60 ሲካፈል 8 ሜጋቢት በሰከንድ። ዩቲዩብ ለፉል ኤችዲ ቪዲዮ ጫኑልኝ የሚለው መጠን ይሄው 8 ነው፣ ለመቅረጫ ግን ከዚያ ከፍ ቢል ይሻላል። ስልኮች ለፉል ኤችዲ ብዙውን ጊዜ ወደ 17 ይጠጋሉ። ካሜራዋ 4 ወይም 5 ከሆነች እስክስታ ስትቀርጹ ትከሻው ሳጥን ሳጥን ይሆናል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ግን ችግሩ አይታይም። ሻጩ በቆመ ነገር ላይ አነጣጥሮ የሚያሳያችሁም ለዚህ ነው። ካሜራዋን ወዝውዟት፣ የሚሮጥ ሚኒባስ ቅረጹባት።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ፋይሉ ትልቅ መሆኑ ብቻ ጥራት አይደለም። ቪዲዮው ኤቪአይ ሆኖ «ሞሽን ጄፔግ» በሚባል አሮጌ አሠራር የተጻፈ ከሆነ ምስሉ ሳያምር ሚሞሪውን ይጨርሰዋል። ኤምፒ4 ሆኖ ኤች 264 የሆነውን ምረጡ። ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ቪዲዮውን ከፍታችሁ የኮዴክ መረጃ የሚለውን ብታዩ ሁሉንም ይነግራችኋል። እዚያው ገጽ ላይ ስለ ድምፁም ተጽፏል፣ እሱን አትዝለሉት።

ምክንያቱም ድምፅ ነው ዋናው። ሰው የደበዘዘ ቪዲዮ ታግሶ ያያል። የማይሰማ ምርቃት ግን ማንም አያይም። የአያታችሁ ምርቃት፣ የሽማግሌዎቹ ንግግር፣ የመምህሩ ገለጻ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትፈልጉት ቃሉን ነው።

ቪኤልሲ ላይ የድምፅ ናሙና መጠን የሚል መስመር አለ፤ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚናገር ነው። 44,100 ወይም 48,000 ከሆነ ደህና ነው። አንዳንድ ርካሽ ካሜራ 8,000 ብቻ ይጽፋል። በ8,000 ናሙና ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለ ቀጭን ድምፅ ጨርሶ አይቀዳም፤ የድሮ መስመር ስልክ ድምፅ ማለት ነው። ንግግር ይሰማል። ማኅሌት ቅረጹበት ግን፤ ከበሮው አለ፣ ጸናጽሉ ግን ያ ጥርት ያለው ቅጭልታው ጠፍቶ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር ይሰማል።

ሁለተኛው ጣጣ ካሜራው ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው። ሰው ሲናገር ዝቅ ያደርገዋል፣ ዝም ሲል «ምን ጠፋ?» ብሎ ያለውን ሁሉ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በሁለት ዓረፍተ ነገር መሃል የጎረቤት ጄኔሬተር ያገሳል። በክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆናችሁማ ዝናቡ ራሱ ተናጋሪ ይሆናል። ይሄን የሚያጠፋ ምርጫ በርካሾቹ ላይ አይገኝም። ያለው መፍትሔ ማይኩን ወደ ተናጋሪው ማቅረብ ነው፣ ለዚህ ደግሞ የማይክ መሰኪያ ያስፈልጋል። ክብ፣ 3.5 ሚሊሜትር የሆነች ቀዳዳ። እኔ ከሁለት ተመሳሳይ ካሜራ አንዱን ምረጥ ብባል ቀዳዳ ያለውን ነው የምወስደው፣ ሌላው ፎር ኬ ሆነ ቴን ኬ።

ቀዳዳ አለ ብላችሁ ግን ያገኛችሁትን ማይክ አትሰኩ። የደረት ማይኩን ጫፍ ተመልከቱ፤ የብረቱን ዘንግ የሚቆርጡ ጥቁር ቀለበቶች አሉ። ሦስት ቀለበት ካለው ለስልክ የተሠራ ነው፣ ሁለት ካለው ለካሜራ። ባለ ሦስቱን ካሜራ ላይ ስትሰኩ አንዳንዴ ምንም አይቀዳም፣ አንዳንዴ እሩቅ የሆነ ሹክሹክታ ይቀዳል። የምታገናኝ ትንሽ አዳፕተር አለች፤ ከማይኩ ጋር አብራችሁ ጠይቁ። መሰኪያ የሌላት ካሜራ ከገዛችሁ ደግሞ ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ተናጋሪው ኮት ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ቀረጻው ሲጀመር ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ታገጥማላችሁ። ንፋስ ካለ፣ ሱሉልታ ሜዳ ወይም እንጦጦ ከወጣችሁማ፣ የማይኳን ቀዳዳ በቀጭን ስፖንጅ ሸፍኗት፤ አለዚያ የምትሰሙት «ፉፉፉፉ» ብቻ ነው።

ረጅም ሰዓት የመቅዳቱ ነገር ሚሞሪና ባትሪ ላይ ይወድቃል። በ8 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ቪዲዮ 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፣ በ16 ደግሞ 7.2። ብዙዎቹ ርካሾች ከ32 ጊጋ በላይ ካርድ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም መሃል ላይ ይደነዝዛሉ። ካርዱ ላይ ክላስ 10 ወይም ዩ1 የሚል ምልክት ካለ ለእነዚህ ካሜራዎች በቂ ነው። ፎርጅድ ካርድ ግን ገበያውን ሞልቶታል፤ 128 የተጻፈበት ውስጡ 8 ሆኖ ይገኛል። ክፋቱ ደግሞ ሲሞላ አይነግራችሁም፣ መቅዳቱን ቀጥሎ ኬክ የተቆረሰበትን ፋይል ያበላሸዋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የምትባል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ካርዱን እስከ አፉ ሞልታ እውነቱን ታወጣለች። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ከፍታችሁት ተኙ።

ፋይሉ እየተቆራረጠ መቀመጡ አያስደንግጣችሁ። ፋት32 የሚባለው የካርድ አደረጃጀት አንድን ፋይል ከ4 ጊጋ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ካሜራው ሌላ ፋይል ይከፍታል። ማየት ያለባችሁ በሁለቱ ፋይሎች መሃል ስንት ሰከንድ እንደሚጠፋ ነው። ጥሩዋ ካሜራ ምንም አታጠፋም ወይም ለቅጽበት ነው፤ መጥፎዋ ቃል ኪዳኑን መሃል ላይ ትቆርጠዋለች። አንዳንዶቹ ደግሞ ልክ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ያቆማሉ፤ ይሄ በአውሮፓ የጉምሩክ ሕግ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቀዳው ከፍ ያለ ቀረጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው።

ባትሪው የሚወጣ ይሁን። 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባለ 3.7 ቮልት ባትሪ 3.7 ዋት ሰዓት ነው፤ ካሜራዋ 2.5 ዋት ብትበላ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትሄዳለች፣ ያውም ባትሪው ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ። ባትሪው የድሮ ኖኪያ ዓይነት ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ሰፈር ሱቅ ይገኛል። ዋናው ፈተና ግን ይሄ ነው፦ ፓወር ባንክ ሰክታችሁ እየቀዳች ትቀጥላለች ወይ? ብዙዎቹ ኬብል ሲሰካባቸው «ኮምፒውተር ላይ ነኝ» ብለው መቅዳት ያቆማሉ። የምትቀጥለዋን ያዙ፤ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር እሷ ናት ካሜራ። ባትሪው ሲያልቅ የቀኑ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፣ ቪዲዮው ላይም ያ ቀን ይታተማል። የፋብሪካው ቀን በፈረንጆቹ ስለሆነ በኛ አቆጣጠር የቅርብ ዓመት ሊመስል ይችላል፣ እንዳትሸወዱ። ቀን ማተሙን አጥፉት።

እንግዲህ ለማን ትሆናለች? ሰርግ እየቀረጸ ገንዘብ ለሚቀበል ሰው እንደ ሁለተኛ ካሜራ፣ ጥግ ላይ ቆማ ሙሉውን የምትቀዳ፣ ጥሩ ናት። ለልጅም ጥሩ ናት፤ ስልክ አይደለችም፣ ጌም የላትም። ስብከትና ትምህርት ለሚቀዳ፣ ስልኩ መሃል ላይ እንዳይጠራበት ለሚፈልግም ትሆናለች። ለቲክቶክ ብቻ ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ቀርቦ ለሚቀርጽም አትሆንም፤ ሌንሷ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱን የማይቀይር ስለሆነ ከአንድ ሜትር ወዲህ ያለው ነገር ይደበዝዛል፤ ሲኒ ላይ የሚቀዳ ቡና ላሳይ ብትሉ ጀበናውም ሲኒውም ጭጋግ ይሆናሉ።

በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ሃንዲካም፣ ያቺን ትልቋን በእጅ የምትያዝ ቪዲዮ ካሜራ፣ ብታገኙ እኔ ወደዚያ አደላለሁ። ኪስ አይገባም፣ ግን በሌንስ የሚሠራ ዙም አለው፤ የሶኒ ሲኤክስ405 ለምሳሌ 30 እጥፍ ያቀርባል፣ ያለ ምንም ቁረጥ ለጥጥ። ካርድ የሚቀበለውን እንጂ ሚኒ ዲቪ ካሴት የሚጠቀመውን እንዳትገዙ። ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግረው ፋየርዋየር የሚባል ገመድ ነው፣ መሰኪያው ያለው አዲስ ላፕቶፕ ዛሬ አይገኝም።

ሱቅ ስትገቡ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ መብራት ሥር ሁለት ደቂቃ እያወራችሁ ቅረጹ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ እሱ ላይ አነጣጥሩ፣ በር ላይ ወጥታችሁ መኪናውን ቅረጹ፣ ከዚያ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ አስገብታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የካሜራዋ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ያምራል፣ እሱን አትመኑ። ሻጩ ማስሞከር እንቢ ካለ «ይቅርታ ወንድም» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ። እሺ ካለም ደረሰኙ ጀርባ ላይ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይር በእጁ ያስፍር፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እያያችሁት፣ በአፍ ብቻ «ችግር የለም፣ አለን» የሚለውን ተቀብላችሁ አትውጡ።